የማይሰማው ጆሮ ጠቢና የወይዘሮ ጫልቱ የጤፍ ዘር

ጆሮ ጠቢ ሁሉን ይሰማል ይባላል። ውሸት ነው። እኔ የማውቀው አንድ ጆሮ ጠቢ አለ፤ አያንቀላፋም፣ አይታመምም፣ የዓመት ፈቃድ አይጠይቅም፣ ሌት ተቀን ጆሮውን ቀስሮ ይቆማል። እንዲህም ሆኖ ጆሮው ሥር ሦስት ቀን ሲጮኽበት አንዲት ቃል አልሰማም። ስለዚህ በየሻይ ቤቱ ግራ ቀኛችሁን ቃኝታችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የምታወሩ ወገኖቼ፣ ብዙም አትሳቀቁ። ማዳመጥ ከውጭ እንደሚመስለው ቀላል ሥራ አይደለም። እኔ ኃላፊ ሆኜበት አይቼዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ቃሊቲ ነው፤ ባቡሩ እኛ ዘንድ መድረስ በጀመረ በቀጣዩ ክረምት። የምሠራው በአንድ የምርጥ ዘር መጋዘን ውስጥ ነበር። የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ኃላፊው አለ። የተማርኩት ታሪክ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ጥንት የንግድ መስመሮች ነበር፤ የሰው ኃይል ክፍሉ "መስመር" የሚለውን አይቶ ኔትወርክ ላይ መደበኝ ብዬ አምናለሁ። ሌላ ምክንያት እስካሁን አልተገኘም።

አንድ ጊዜ ፕሮጀክት መጣ። ፕሮጀክት ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከሚያስፈልገን ዕቃ ይልቅ ማኑዋሉ የሚከብድ ዕቃ ትቶ ይሄዳል። የእኛም ፕሮጀክት ባዶ ጆንያ እናስቀምጥበት የነበረውን ክፍል ሴራሚክ አነጠፈለት፣ ማቀዝቀዣ ገጠመለት፣ በሩ ላይ "ዳታ ሴንተር" የሚል ሰሌዳ ሰቀለለትና ሄደ። ውስጡ ሁለት ሰርቨር፣ አንድ የዲስክ ሳጥን፣ ከዲስኩ ሳጥን ፊት የሚቆም እኔ "መዝጋቢው" የምለው መሣሪያ፣ ሁሉንም በኬብል የሚያገናኝ ባለ ብዙ ቀዳዳ ስዊች። የመጋዘኑ ዝርዝር በሙሉ፣ የትኛው ዘር በየትኛው ረድፍ እንዳለ፣ ለማን እንደተፈቀደ፣ እዚያ ዲስክ ውስጥ ገባ።

ያን ሰሞን ደስታዬ ወሰን አጣና አንድ ሰርኩላር አረቀቅሁ። ከዚያ በፊት ንብረት ከመጋዘን የሚወጣው ሞዴል 22 በሚባለው በእጅ በሚሞላ ወረቀት ነበር። እኔ "ከእንግዲህ ከሲስተሙ ያልታተመ የመውጫ ወረቀት ይዞ በበር ለማለፍ የሚሞክር ማንኛውም ሰው ንብረት እንዳሸሸ ይቆጠራል" ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ አሁንም ያምረኛል። የበር ጥበቃዎቹ በቃላቸው ያዙት። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ አንባቢ በቃሉ የያዘልኝ እሱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጆሮ ጠቢው ልመለስ። የፕሮጀክቱ ሰዎች በየሩብ ዓመቱ የሚሞላ ቅጽ ትተውልን ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ "የማከማቻ ትራፊክ ማዳመጥ ተግባራዊ ሆኗል?" ይላል። መልሱ "አዎ" ወይም "አልሆነም" ነው። እኔ እውነተኛ ሰው ስለሆንኩ በየሩብ ዓመቱ "አልሆነም" እያልኩ እሞላ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ታደሰ ቅጹን ይዘው አስጠሩኝ።

"ይሄ 'አልሆነም' ምንድን ነው?"

"ያላበራነው አገልግሎት ነው። ባይበራም ሥራችን አይቋረጥም። ያሉን ሁለት ሰርቨሮች ናቸው፤ ማን ማንን እንዲሰልል ነው?"

"ዘጠና አራት በመቶ ላይ አስቀረን እኮ!"

"ዘጠና አራት ደግ ውጤት ነው።"

"የጎረቤቶቻችን መጋዘን መቶ ነው።"

"እነሱ ኮምፒውተር የላቸውም።"

"ታዲያ መቶ እንዳያገኙ ማን ይከለክላቸዋል?" አሉ አቶ ታደሰ፤ ቀና ብለው ሳያዩኝም "አልሆነም" የሚለውን ሰርዘው "አዎ" ላይ ምልክት አደረጉ። ሪፖርቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ወደ በላይ አካል ሄደ። እኔ ማዳመጡን ያበራሁት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ሪፖርቱ ሄደ፣ ከዚያ ሥራው ተሠራ። የዘመኑ አሠራር ይህ ነበርና አልገረመኝም።

ይህ ማዳመጥ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ዲስኩን ለማግኘት መጀመሪያ ወደ መዝጋቢው ይጣራል፦ "ማን አለ? እኔ እገሌ ነኝ፣ መዝግበኝ።" መዝጋቢውም "እሺ፣ ተመዝግበሃል፣ እለፍ" ይለዋል። ማዳመጡ ካልበራ ስዊቹ ይህን ሁሉ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ዝም ብሎ ያመላልሳል። ሲበራ ግን መሐል ቆሞ ጆሮውን ይጥላል፤ "እለፍ" ሲባል ለሰማው ብቻ መንገድ ይከፍታል፣ ላልሰማው ይዘጋል። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ልትነግሩት ይገባል፦ መዝጋቢው በየትኛው ቀዳዳ በኩል እንደሚገኝ። "በዚህ ቀዳዳ የሚመጣውን ድምፅ እመን" ትሉታላችሁ። በሌላ ቀዳዳ መጥቶ "መዝጋቢው እኔ ነኝ" የሚል ቢኖር አስመሳይ ነው ብሎ ቃሉን ይጥለዋል። ሲጥልም አይናገርም። ጨዋ ነው።

ግድግዳው ላይ እኔው በማስመሪያ የሠራሁት፣ በሦስት ቀለም ያማረ የኬብል ሥዕል ተሰቅሏል። መዝጋቢው ቀዳዳ ሰባት ላይ ነው። ስዊቹን "ሰባትን እመን" አልኩት። አመነ። ትእዛዙን እንዳይረሳ አስቀመጥኩለት። ወዲያው ሰርቨሮቹ ዲስካቸውን አጡ፤ የመጋዘኑ ዝርዝር ከነረድፉ ጠፋ። ዘሩ እዚያው መሬት ላይ ተቆልሎ ይታያል፤ እንደ ሲስተሙ ግን በመጋዘናችን አንድ ፍሬ ዘር የለም።

ወይዘሮ ጫልቱ የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከሞጆ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ የገበሬዎች ማኅበር የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ረጅም፣ ፈጣን፣ ጃንጥላቸውን እንደ በትር የሚይዙ ሴት። የተከራዩትን አይሱዙ ግቢው ውስጥ አቁመው የመጋዘን ሠራተኛችንን ጋሽ በላቸውን "ዘሬን" አሏቸው። ጋሽ በላቸው ወደ እኔ ላኳቸው።

"ኢንጂነሩ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ" አልኩ። መሆን ጀምሬ ነበር።

"የጤፍ ዘር ተፈቅዶልኛል። ዘሩን አየሁት፣ በእጄ ዳሰስኩት። ሰውዬው ግን የለም ይሉኛል።"

"ሲስተሙ ላይ ነው የሌለው። እስከ ከሰዓት ይስተካከላል።"

ወደ ሰማይ አዩ። እኔም አየሁ። ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ የቃሊቲን ጭስ ለብሶ ተንጠልጥሏል።

"መሬቱ ለስልሶ ይጠብቃል። ይህች ሳምንት ካለፈች የዘራነው አይሆንልንም" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሰማዩ ይልቅ ያስፈራቸውን ነገር ተናገሩ። "ደግሞ ይወቁልኝ፤ ከእኔ በፊት ለዘር ሴት ተልካ አታውቅም። ስመረጥ ግማሹ አጉረምርሟል። ማታ ካልተመለስኩ 'ከተማው ተመቻት' ይላሉ።"

"እስከ ከሰዓት" አልኩ ደግሜ። ይህን ቃል ያን ሳምንት ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም።

ከሰዓት አልተስተካከለም። ወይዘሮ ጫልቱ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወዳለች ዘመዳቸው ሄደው አደሩ፤ ረቡዕ ማለዳ በሚኒባስ ተጋፍተው መጥተው ኮሪደሬ ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ማክሰኞ "እርስዎ" ነበርኩ። ረቡዕ "አንተ" ሆንኩ።

"አንተ፣ በእጅ ለምን አይጻፍልኝም? ወረቀት ጠፋ?"

ጋሽ በላቸው ከበስተኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወረቀቱስ መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ጥራዝ ነበረኝ። ክልክል ነው ተብሎ ሰርኩላር ወጣ እንጂ። አማርኛው እንዴት ያለ ነበር መሰለሽ! ማን እንደጻፈው እንጃ።"

እንጃ ሲሉ እኔን ነበር የሚያዩት።

ወደ አቶ ታደሰ ገባሁ። "ማዳመጡን ላጥፋውና ሥራ ይቀጥል፤ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው" አልኳቸው።

"አይቻልም።"

"ለምን?"

"ሪፖርቱ ሄዷል።"

"ሲስተሙ እኮ አይሠራም!"

"ሪፖርቱ ላይ ይሠራል። አንተ የምትለኝ ሪፖርቱን ውሸት እናድርገው ነው።" ቀጥለውም እንደ ታላቅ ወንድም አዘኑልኝ፤ በዕድሜ ታናሼ ናቸው። "ችግሩ ቴክኒክ አይመስለኝም። ዛሬ ስምንት ሰዓት ግምገማ ጠርቻለሁ።"

ግምገማውን ለማያውቅ ወጣት አንባቢ ልንገር። ሠራተኛው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ አጥፊው ግለ ሂስ ያቀርባል፤ ሌላው ሂስ ያክልለታል፤ በመጨረሻ የችግሩ መንስኤ አመለካከት መሆኑ ይታወቃል። የውሃ ቧንቧ ቢፈነዳም መንስኤው አመለካከት ነው። እኔ ተነስቼ የማዳመጡን ነገር ከላይ ለእናንተ እንዳስረዳሁት አድርጌ አስረዳሁ። "ስዊቹ መሐል ቆሞ የሚባለውን ሁሉ ያዳምጣል፤ የማይታመነውን መንገድ ይዘጋበታል" አልኩ። የሰው ኃይል ኃላፊው እጃቸውን አወጡ።

"ይሄ የሚያዳምጠው ነገር... የእኛንም ቢሮ ይጨምራል?"

"አይ፣ የዲስክ ወሬ ብቻ ነው።"

"ገባኝ፣ ገባኝ" አሉ፤ እንዳላመኑኝ ግን ፊታቸው ይናገር ነበር። "ለማንኛውም እኔ በበኩሌ በወንድማችን ሥራ ላይ አንዳችም ቅሬታ እንደሌለኝ ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝልኝ።" ከዚያ በኋላ የተናገረ ሁሉ አመሰገነኝ። ያን ያህል የተወደስኩበት ቀን የለም። ወደ ክፍሌ ስመለስ ስዊቹ ላይ ያለው ቁጥር ይሮጣል፦ ከሰርቨሮቹ የተሰማ ጥሪ በሺዎች፤ ከመዝጋቢው የተሰማ መልስ ዜሮ።

ያ ዜሮ ነው ያሳበደኝ። መዝጋቢው ፊት ሄጄ ቆምኩ። መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ደህና ነው። "ለምን አትመልስም?" አልኩት፤ ሰው አለመኖሩን አይቼ። ማኑዋሉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ደራሲው አንባቢውን እንዲህ የሚጠላበት መጽሐፍ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ከፕሮጀክቱ ጋር ጥሎን ለሄደው ባለሙያ ኢሜይል ጻፍኩ። በአንድ መስመር መለሰ፦ "መዝጋቢው ያለበትን ቀዳዳ እንዲያምን ነግረኸዋል?" ተቆጣሁ። ሰባት ብዬ ነግሬዋለሁ! ሥዕሉ ግድግዳው ላይ አለ! ሥዕሉን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። እሱም "ቆንጆ ሥዕል ነው" ብሎ መለሰ።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ጫልቱ በቀጥታ ማነጋገራቸውን አቆሙ። ከ"አንተ"ም ወርጄ፣ ፊት ለፊቴ ለአይሱዙ ሾፌራቸው የሚተረክልኝ ሰው ሆንኩ።

"ይሄ ሰውዬ ደግሞ ዛሬም ያንኑ ሸሚዝ ነው የለበሰው።"

ሾፌሩ ሳቁን ዋጠ። ወይዘሮ ጫልቱ ወንበራቸው ላይ ዞር ሲሉ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ አዩ። የካይዘን ሰሌዳ ነው። ካይዘን ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የገባ የማሻሻያ ዘመቻ ነበር፤ ዕቃህን ለይ፣ አስተካክል፣ አጽዳ ይላል፤ ሲያበቃ "በፊት" እና "በኋላ" የሚሉ ፎቶዎች ይለጠፋሉ።

"እይማ እዚህ!" አሉ ለሾፌሩ። "ይሄ ሰውዬ ፎቶ ላይ ሲስቅ እንዴት ያምርበታል!"

አፍሬ ዞር አልኩ። እውነትም እኔ ነኝ፤ ባለፈው በጋ ከካይዘን ቡድን መሪያችን ከወይዘሪት ሰናይት ጋር የአንደኛነት የምስክር ወረቀት ይዤ እስቃለሁ። ከእኔ በላይ ሁለት የስዊቹ ፎቶዎች አሉ። "በፊት"፦ ኬብሉ እንደ ሸረሪት ድር የተወሳሰበ፣ አንዱ ብርቱካናማ ወፍራም ኬብል ከመዝጋቢው ወጥቶ ቀዳዳ ሰባት ላይ የተሰካ። "በኋላ"፦ ሁሉም በየቀለሙ ተሰልፎ፣ ቢጫው ከቢጫ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ፣ ብርቱካናማው ከብርቱካናማዎቹ ጎን፣ ቀዳዳ አሥራ ዘጠኝ ላይ።

ቀዳዳዎቹን በጣቴ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ወይዘሪት ሰናይትን ጠራኋት።

"ሰናይት፣ ይህን ኬብል ማን ነቀለው?"

"እኛ ነና! ድሮ እኮ ሲያዩት ያስፈራ ነበር። በቀለም አሰለፍነው።"

"ማን ፈቀደ?"

"ውይ፣ እርስዎ ነዎት እኮ! ፈርመዋል። ንግግርም አድርገው ነበር፤ 'ሥርዓት ውበት ነው' ብለው። ረሱት?"

አልረሳሁም። አንደኛ የወጣነው በዚያ ንግግር ነው እየተባለም ይታማል። ማዳመጡ እስካልበራ ድረስ የትኛው ኬብል የት መሰካቱ ለውጥ አልነበረውም፤ ስለዚህ ወራት ሙሉ ማንም አላወቀም። አሁን ግን መዝጋቢው በአሥራ ዘጠኝ በኩል "እለፉ፣ እለፉ" እያለ ሲጮኽ፣ ስዊቹ በእኔ ትእዛዝ "አስመሳይ!" እያለ ቃሉን ሲጥል፣ ባዶውን ቀዳዳ ሰባት ደግሞ በሙሉ እምነት ሲያዳምጥ ሦስት ቀን አለፈ። እኔም ሥዕሌን አምኜ ከስዊቹ ጀርባ አንድም ጊዜ ጎንበስ አላልኩም። ሥርዓት ማስያዝ በጎ ነገር ነው ለሚሉ ሁሉ መልሴ ይኸው።

አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ሰባትን ተው፣ አሥራ ዘጠኝን እመን። ሰርቨሮቹ ተጣሩ፤ መዝጋቢው መለሰ፤ ዜሮው አንድ ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ዘሩ ሲስተሙ ላይ ተመለሰ። ኮሪደሩን እየሮጥኩ "ወይዘሮ ጫልቱ! ተገኘ!" ብዬ ጮኽኩ። ጋሽ በላቸው መነጽራቸውን ጠርገው መዘገቡ፤ አቶ ታደሰ አጸደቁ፤ ፕሪንተሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወረቀቱን መትፋት ጀመረ። ግማሹ እንደወጣ መብራት ሄደ።

ግማሹን ወረቀት በጥንቃቄ ስበን አወጣነው። የማኅበሩ ስም አለው፣ "የጤፍ ዘር" ይላል፤ "ይውጣ" የሚለው የለም። በር ላይ አሳየን። ጥበቃው አንገቱን ነቀነቀ። "'ከሲስተሙ ያልታተመ የመውጫ ወረቀት ይዞ በበር ለማለፍ የሚሞክር...'" ብሎ ሰርኩላሬን እስከ መጨረሻው ወረደልኝ። አንድ ቃል አልሳተም።

መብራት የመጣው ዓርብ ረፋድ ላይ ነው። ስዊቹ ነቃና ሰባትን ማመኑን ቀጠለ። የሐሙሱን መስመር ጽፌ በደስታ ስሮጥ ማስቀመጡን ረስቼዋለሁ፤ የሰኞውን ስህተቴን ግን ገና ስሠራው አስቀምጬው ነበር። እንደገና ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። ወረቀቱ በሙሉ ወጣ። ዘሩ ሲጫን ዝናቡ ጀመረ፤ ሾፌሩ ሸራ አለበሰ።

ወይዘሮ ጫልቱ ግን መኪናው ላይ አልወጡም። "አሁን ደብዳቤ" አሉኝ፤ ሊያናግሩኝ ወስነው ነው። "የዘገየነው እኛ ነን የሚል። ማኅተም ያለበት። ያለ ማኅተም ማንም አያምነኝም።"

የሚገባቸው ነበር። ጥሩ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አጭር፣ ግልጽ፣ ጥፋቱን በእኔ ላይ ያደረገ። አቶ ታደሰ አነበቡት።

"'በሲስተም መቋረጥ ምክንያት' ይላል።"

"አዎ።"

"የትኛው መቋረጥ? ሪፖርቱ ላይ መቋረጥ የለም።"

"ሴትዮዋ አራት ቀን ኮሪደራችን ላይ—"

"ሪፖርቱ ሄዷል ወንድሜ" አሉና ማኅተሙን መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ባዶ እጄን ወደ በሩ ወረድኩ። ወይዘሮ ጫልቱ ፊቴን አይተው ገባቸው።

"እንግዲያ ምን ልበላቸው?"

"እውነቱን ይንገሯቸው።"

"እውነቱን!" ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። "ኬብሉን በቀለም አሰለፉት ልበላቸው? ቀዳዳ ሰባትን አምኖ ነው ልበላቸው? አንተ ብትሆን ታምነኛለህ?"

አላምናቸውም ነበር። ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ፤ አይሱዙው ወደ ዱከም መንገድ ታጠፈ።

በሚቀጥለው ዓመት ያው ሾፌር መጣ። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ጎልማሳ ወንድ ነበር፤ አዲሱ ሰብሳቢ። "ወይዘሮ ጫልቱስ?" አልኩት ሾፌሩን፤ መልሱን እያወቅኩት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አወረዷት። ዘሩ ዘግይቶ ተዘርቶ እንደነገሩ ሆነ። 'ከተማ ገብታ የምትቀር ሴት' አሏት። እኔ ነገርኳቸው፤ ሾፌር ማን ይሰማል?"

የእኛ መጋዘን ሪፖርቱ በሄደበት ሩብ ዓመት መቶ አግኝቷል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የጻፍኩት ላስቅህ ብቻ አይደለም። ከሞጆ ወደ ውስጥ ያለ የምታውቀው ገበሬ ካለ፣ ዛሬውኑ ደውልለት። ጫልቱ አልዘገየችም በለው። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ማኅተም የለኝም፤ አንተ መስክርልኝ።